የሰው ፕሮቲንና የሰው ክብር

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አበው። በዚህ እትም ልንመረምረው የመረጥነው ጥያቄ ከሥሩ ካልተያዘ ብዙዎችን የሚያሳስት ነው። በዘመናችን የሰው ፕሮቲን ከሰው አካል ውጭ ይሠራል። ባክቴሪያ፣ እርሾ፣ የእንስሳት ሕዋስ፣ አንዳንድ ጊዜም በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ የሚራባ የሰው ሕዋስ፣ ቀድሞ የሰው አካል ብቻ ይሠራው የነበረውን ነገር እንዲሠራ ይደረጋል። ከዚህም ከፊሉ መድኃኒት ሆኖ ወደ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ከፊሉ ደግሞ በትንንሽ ብልቃጥ ታሽጎ፣ «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ወደ ተመራማሪዎች ቤተ ሙከራ ይላካል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ «የሰው» የሚባለውን ነገር እንዲህ አድርጎ መሥራት፣ መሸጥና የምርምር ዕቃ ማድረግ የሰውን ክብር ይነካልን? የሚነካ ከሆነስ በየት በኩል ነው?

ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ብቻ አይደለም። በየቁምስናችን የስኳር ሕመም ያለባቸው ወንድሞችና እኅቶች አሉ፤ በየዩኒቨርሲቲውም የሕክምናና የባዮሎጂ ትምህርት የሚከታተሉ ልጆቻችን አሉ። አንዲት እናት «የምወጋው ኢንሱሊን የሰው ነው ይባላል፤ ከማን ተወሰደ? ልተወው ይሆን?» ብላ ካቴኪስቱን ብትጠይቅ፣ የሚሰጣት መልስ ሕይወቷን የሚነካ ነው። አንድ ወጣት ተመራማሪም «የምሠራበት ሕዋስ ከተቋረጠ ፅንስ የመጣ ነው ይሉኛል፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ሳይንስ ነው፤ ምንም አይደለም» ብሎ መመለስ ኅሊናውን ማደንዘዝ ይሆናል። ለእናቲቱ ከንቱ ፍርሃትን፣ ለወጣቱም ከንቱ ድፍረትን እንዳናስተምር ነገሩን ደረጃ በደረጃ ማየት ይገባናል።

የአሠራሩ ሁኔታ

ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በተራ ተሰክተው የሚያስገኙት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ሲይዝ ሥራውን ይጀምራል። ደማችን ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ቁስላችን የሚረጋው፣ ስኳር ከደም ወደ ሕዋስ የሚገባው በፕሮቲኖች አማካይነት ነው። የዶቃዎቹ ተራ የተጻፈበት መመሪያ ጂን ይባላል፤ መመሪያው የተጻፈበት ፊደል ደግሞ ዲ.ኤን.ኤ. ነው። ይህ ፊደል በሰውም፣ በእንስሳም፣ በእርሾም፣ በባክቴሪያም ዘንድ አንድ ስለ ሆነ፣ የሰውን መመሪያ ባክቴሪያ አንብቦ ሊፈጽመው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1973 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር የተባሉ አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ከተለያየ ምንጭ የተወሰደ ዲ.ኤን.ኤ. ቆርጠው በማጋጠም በባክቴሪያ ውስጥ እንዲባዛ አደረጉ። በ1978 ደግሞ በካሊፎርኒያ የሚገኙት ጄነንቴክ የተባለው ኩባንያና ሲቲ ኦፍ ሆፕ የተባለው የሕክምና ማእከል የሰውን ኢንሱሊን በባክቴሪያ ለማሠራት ቻሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለዚያ ኢንሱሊን መመሪያ የሆነው ጂን ከማንም ሰው ሥጋ አልተቆረጠም። የሰንሰለቱ ተራ ቀድሞ ታውቆ ስለ ነበር፣ ጂኑ በኬሚካል መንገድ ፊደል በፊደል እየተቀጠለ ተሠራ። ዛሬም ተመራማሪዎች የሚሹትን ጂን ብዙ ጊዜ በኮምፒዩተር ከተቀመጠ መዝገብ አንብበው በመሣሪያ ያሠሩታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በመሠረቱ ከጠላ ጠመቃ ብዙም የራቀ አይደለም። መመሪያውን የተቀበለው ሕዋስ በተዘጋ ጋን ውስጥ ምግብ፣ ሙቀትና አየር እየተሰጠው ይራባል፤ እየተራባም የታዘዘውን ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲኑ ከሌላው ሁሉ ተለይቶ ይጣራል። ለማጣራት እንዲያመች ብዙ ጊዜ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ስድስት ተመሳሳይ አሚኖ አሲዶች ይጨመሩለትና ኒኬል የተባለው ማዕድን ይዞ እንዲያስቀረው ይደረጋል። በመጨረሻም ደርቆ ዱቄት ይሆናል፤ ወይም በብርቱ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ለምርምር የሚሸጠው አንዱ ብልቃጥ የአንድ ግራም መቶ ሺኛ ክፍል ብቻ ሊይዝ ይችላል። በዓይን ለማየት እንኳ የሚያስቸግረው ይህ ዱቄት ብዙ ጊዜ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል።

ከዚህ የተገኘው በጎ ፍሬ

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት የሥራውን ፍሬ መመልከት ተገቢ ነው። ኢንሱሊን በ1921 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ በፍሬድሪክ ባንቲንግ፣ በቻርልስ ቤስትና በባልደረቦቻቸው ከተገኘ ጀምሮ ለስድሳ ዓመታት ያህል የሚዘጋጀው ከታረዱ ከብቶችና አሳማዎች ቆሽት ነበር። የሕሙማኑ ሕይወት በቄራው ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ኖረ። በባክቴሪያ የተሠራው የሰው ኢንሱሊን በ1982 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ግን ይህ ጭንቀት ቀለለ።

የእድገት ሆርሞን ታሪክ ከዚህ የከፋ ነው። ቁመታቸው አላድግ ላላቸው ሕፃናት የሚሰጠው ሆርሞን ከሞቱ ሰዎች አንጎል ሥር ከሚገኝ ዕጢ ይወሰድ ነበር። በ1985 ይህን መድኃኒት ከወሰዱት ወጣቶች አንዳንዶቹ ክሮይትስፌልት ያኮብ በተባለ አንጎልን በሚያጠፋ በሽታ መሞታቸው ታወቀ። ወዲያውም በአሜሪካ ሥርጭቱ ቆመ፤ በዚያው ዓመት በባክቴሪያ የተሠራው ሆርሞን ተፈቀደ። እንደዚሁም ደማቸው አልረጋ የሚላቸው የሄሞፊሊያ ሕሙማን ከብዙ ሰዎች ደም ተሰብስቦ በሚዘጋጅ መድኃኒት ምክንያት በ1980ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩት በኤች.አይ.ቪ. ተያዙ። ያለ ሰው ደም የተሠራው የደም ማርጊያ ፕሮቲን በአሜሪካ በ1992 ተፈቀደ።

በምርምርም ዘርፍ ጥቅሙ እንዲሁ ነው። አንድ ቫይረስ ሕዋስን በምን እንደሚይዝ፣ አንድ መድኃኒት በየትኛው ፕሮቲን ላይ እንደሚሠራ ለማወቅ የሚሻ ተመራማሪ ንጹሕ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። በ2020 የኮሮና ቫይረስ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ቫይረሱ እንደ በር ተጠቅሞ የሚገባበት ኤ.ሲ.ኢ.2 የተባለው የሰው ፕሮቲን በቤተ ሙከራ ተሠርቶ ስለ ነበር፣ በማንም ሰው ላይ አደጋ ሳይደርስ የቫይረሱ አያያዝ በብልቃጥ ውስጥ ሊጠና ቻለ።

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1983 ለዓለም የሐኪሞች ማኅበር ባደረጉት ንግግር፣ በጂን ላይ የሚደረግ ሥራ ለፈውስ የታለመና የሰውን ክብር የሚጠብቅ እስከ ሆነ ድረስ በመሠረቱ መልካም ሊሆን እንደሚችል አስተምረዋል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ሳይንስን ትፈራለች የሚለው አባባል በዚህ ነገር ላይ አይሠራም። ይሁን እንጂ በጎ ፍሬ ብቻውን መንገዱን ሁሉ አያጸድቅም። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ መልካም ይመጣ ዘንድ ክፉን እናድርግ የሚለውን አሳብ ተቃውሟል። ስለዚህ ከፍሬው ወደ ሥሩ እንውረድ።

ፕሮቲኑ «ሰው» ነውን?

«የሰው ፕሮቲን» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። «የሰው» መባሉ መመሪያው የማን እንደ ሆነ ለመግለጽ እንጂ ፕሮቲኑ የሰውን ክብር ተሸክሞ ስለሚዞር አይደለም። የሰው ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች አሉት። የአሳማ ኢንሱሊን ከሰው የሚለየው በአንዱ ብቻ ነው፤ የከብት ኢንሱሊን ደግሞ በሦስት። ሰው ከአሳማ የሚበልጥበት ክብር በዚያች በአንዲት ዶቃ ላይ ተንጠልጥሏል የሚል ማንም አይገኝም።

የሰው ክብር ያለው በሰውየው ነው። ሰው አካልና ነፍስ በአንድነት የሆነ ሙሉ ፍጥረት ነው፤ የአካል ክፍልም ክብር የሚያገኘው ከዚህ ሙሉ ሰው ጋር ካለው አንድነት ነው። ጠጉራችን ሲቆረጥ አናለቅስም፤ ደም የሚለግስ ሰውም ከነፍሱ ከፍሎ አይሰጥም። የብራና ጸሐፊ ከአንድ ታላቅ መጽሐፍ አንዲት ቃል ቢገለብጥ መጽሐፉን ገለበጠ አይባልም። እንዲሁም ከሰው መመሪያ አንዲቱን ገልብጦ ፕሮቲን ያሠራ ሰው፣ ሰውን አልሠራም፤ ሰውንም አልሸጠም።

ነገር ግን ይህ አሳብ በሌላው ጎኑም የተሳለ ነው። ክፍልን ከሙሉው መለየት ከተገባ፣ ሙሉውንም ክፍል ነው ብሎ መናቅ አይቻልም ማለት ነው። «ፅንስ እኮ ጥቂት ሕዋሳት ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። ፅንስ ግን የሌላ ነገር ክፍል አይደለም፤ ትንሽ ሆኖ ሳለ ሙሉ ነው። ከውስጡ በተሰጠው ሥርዓት ራሱን እየመራ ያድጋል፤ ካልተሰናከለ በቀር እኛ ወደ ደረስንበት ዕድሜ ይደርሳል። በጋን ያለው ፕሮቲን ሺህ ጋን ቢሞላ ሰው አይሆንም፤ ፅንሱ ግን ከሰናፍጭ ቅንጣት ቢያንስም ከእኛ ወገን ነው። መጠን ክብርን አይወስንም። በ1987 የወጣው ዶኑም ቪቴ የተባለው የእምነት ትምህርት ጉባኤ መመሪያ፣ የሰው ልጅ ከተፀነሰበት ቅጽበት ጀምሮ እንደ ሰው ሊከበር ይገባዋል ሲል ያጸናው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ስለ አንድ ብልቃጥ ፕሮቲን የምንጠይቀው «ሞለኪዩሉ የሰው ነውን?» ብለን ሳይሆን «እዚህ እስኪደርስ ድረስ በመንገዱ ላይ የተነካ ሰው አለን? ያስ ሰው እንደ ሰው ተከብሯልን?» ብለን ነው።

ስም ያልተሰጠው ሕፃን

ተመራማሪዎች ፕሮቲን የሚያሠሩባቸው ሕዋሳት ልዩ ልዩ ናቸው። ባክቴሪያ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ብዙ የሰው ፕሮቲኖች የሚያስፈልጋቸውን የስኳር ሰንሰለት እንደሚገባ አይጨምርላቸውም። ስለዚህ አንዳንዶች በእርሾ ይጠቀማሉ። ሌሎች በ1957 ቴዎዶር ፐክ የተባሉ አሜሪካዊ ሳይንቲስት፣ የቻይና ሃምስተር ከምትባል አይጥ መሰል እንስሳ እንቁልጢ ወስደው ባራቡት ሕዋስ ይጠቀማሉ። ከ2017 ጀምሮ የበቆሎ ማሳችንን ያወደመው የአሜሪካ መጤ ተምች እንኳ ለዚህ ሥራ ውሏል፤ ከእርሱ ዘር የተወሰደ ሕዋስ በብዙ ቤተ ሙከራዎች ፕሮቲን ይሠራል። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ የሰው ክብር የሚነካበት ምክንያት አናይም።

ሌላ ሕዋስ ግን አለ። ኤች.ኢ.ኬ. 293 ይባላል፤ የሰው ፅንስ ኩላሊት ማለት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኔዘርላንድስ፣ በላይደን ዩኒቨርሲቲ፣ ከተቋረጠ ፅንስ ኩላሊት በተወሰዱ ሕዋሳት ላይ ፍራንክ ግራሃም የተባሉ ሳይንቲስት ሙከራ አድርገው ሳያቋርጥ የሚራባ ዘር አገኙ። 293 የሚለው ቁጥር የሙከራቸው ተራ ቁጥር ነው። ቀላል ኑሮ፣ ፈጣን እድገትና የሰው ዓይነት የስኳር ሰንሰለት ስላለው፣ ዛሬ ለምርምር ከሚሸጡት የሰው ፕሮቲኖች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚህ ሕዋስ ነው። የቤተ ሙከራው ኃላፊ የነበሩት አሌክስ ፋን ደር ኤብ በ2001 በአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ፊት ቀርበው ሲጠየቁ፣ ፅንሱ የተቋረጠበት ምክንያት የተመዘገበበት መረጃ እንደ ጠፋ ተናግረዋል።

በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ያ ሕፃን ስም የለውም፤ መቃብር የለውም፤ ለምን እንደ ተቋረጠ የሚናገር ወረቀት እንኳ የለውም። ለዓለም የቀረው የሌላ ሰው የሙከራ ቁጥር ነው። ሕዋሱ ራሱ ሕፃኑ አይደለም፤ ከላይ እንዳልነው ክፍል እንጂ ሙሉ አይደለም። አዲስ ፕሮቲን ለመሥራትም አዲስ ፅንስ አይቋረጥም፤ ያው የጥንቱ ዘር እየተራባ ከአምሳ ዓመት በላይ ኖሯል። ይህንን እውነት መደበቅ ሐሰት ነው። ነገር ግን መነሻውን መርሳትም ሌላ ሐሰት ነው።

ከክፉ ሥራ ጋር መተባበር

የሥነ ምግባር ሊቃውንት፣ ከእነርሱም ዋናው ቅዱስ አልፎንሶ ሊጎሪ፣ ከክፉ ሥራ ጋር መተባበርን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው በፈቃድ መተባበር ነው፤ የክፉ አድራጊውን አሳብ ተቀብሎ አብሮ መሥራት። ይህ ምንጊዜም ኃጢአት ነው። ሁለተኛው አሳቡን ሳይቀበሉ በድርጊት ብቻ መነካካት ነው፤ ይህም እንደ ቅርበቱና እንደ ርቀቱ፣ እንደ ምክንያቱም ክብደት ይፈረዳል። ለሌባ እያወቀ አህያውን የሚያከራይና፣ ከዓመታት በኋላ የሌባው ልጅ ባረሰው መሬት የበቀለ እህል ከገበያ የሚሸምት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ይህን የመሰለ ነገር ገጥሞታል። ለጣዖት የተሠዋ ሥጋ በገበያ ይሸጥ ነበር። ሐዋርያው ሥጋው ራሱ አላረከሰም፤ ጣዖትም ምንም አይደለም ብሎ ሲያበቃ፣ ደካማ ኅሊና ያለው ወንድም እንዳይሰናከል ግን እንዲጠነቀቁ አዘዘ። ነገሩ የተፈቀደ ሊሆን ይችላል፤ ለወንድም የሚያሳየው ምስክርነት ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

በ2008 የታተመው ዲግኒታስ ፐርሶኔ የተባለው መመሪያ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ኃላፊነቶችን ይለያል። ተመራማሪው ውርጃውን እስካልፈጸመ ድረስ ንጹሕ ነው የሚለው ምክንያት ብቻውን በቂ አይደለም ይላል። ተመራማሪዎች በራሳቸው ሥራ መነሻው ክፉ የሆነን ነገር ከመጠቀም መራቅ ይገባቸዋል፤ ምክንያቱም ቤተ ሙከራው በዝምታ ሲጠቀምበት ውርጃን የለመደና የተቀበለ ሊመስል ይችላል። በሌላ በኩል ብርቱ ምክንያት ያላቸው፣ ለምሳሌ ልጆቻቸውን ከበሽታ ለማዳን ሌላ ክትባት ያጡ ወላጆች፣ ሌላ አማራጭ እንዲዘጋጅ እየጠየቁ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ደግሞም የመወሰን ሥልጣን ያለውና ሥልጣን የሌለው ሠራተኛ ኃላፊነታቸው እኩል አይደለም።

ይህ ትምህርት በአገራችንም የተፈተነበት ጊዜ አለ። በማርች 2021 በኮቫክስ አማካይነት ወደ ኢትዮጵያ የገባው 2.2 ሚሊዮን ያህል የአስትራዜኔካ ክትባት የተመረተው በዚሁ በኤች.ኢ.ኬ. 293 ሕዋስ ነበር። ከዚያ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር 21 ቀን 2020፣ የእምነት ትምህርት ጉባኤ እንከን የሌለበት ክትባት በማይገኝበት ጊዜ ይህን መከተብ የተፈቀደ መሆኑን፣ መከተብም ውርጃን ማጽደቅ አለመሆኑን አስታውቋል። በዚያው ጽሑፍ መድኃኒት አምራቾች ኅሊናን የማያስጨንቅ ክትባት እንዲያዘጋጁ፣ ክትባቱም ለድሆች አገሮች እንዲዳረስ አሳስቧል። የተከተቡት ምእመናን እንግዲህ ኅሊናቸው ይረፍ፤ ማሳሰቢያው ግን ለአምራቾቹ እንደ ጸና ይኖራል።

«አምሳ ዓመት አለፈ፤ ነገሩ ተረስቷል» ለሚሉ የምንመልሰው ይህ ነው፦ ጊዜ የበደልን ዕዳ ከሩቅ ተጠቃሚው ላይ ሊያቀልል ይችላል፤ የተበደለውን ግን ሰው ከመሆን አያወጣውም። «መነሻው ክፉ ከሆነ ሁሉን እንጣል» ለሚሉም የምንመልሰው፣ በሽተኛውን በማያውቀው ሰው በደል መቅጣት ፍትሕ አይደለም የሚል ነው።

ሳይጠየቁ የሰጡ

የሰው ክብር የሚነካው በውርጃ ብቻ አይደለም። በ1951 በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም ቤት ሄንሪታ ላክስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት እናት በማኅፀን በር ካንሰር ታክማ ነበር። ከዕጢዋ የተወሰዱት ሕዋሳት ያለ እርስዋ ፈቃድ ለምርምር ዋሉ። እርስዋ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ ዐረፈች፤ ሕዋሳቷ ግን ከስሟና ከቤተሰብ ስሟ ፊደላት ተወስዶ ሂላ ተብለው በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ ተራቡ፤ የፖሊዮ ክትባት ሲመረመርም አገለገሉ። ቤተሰቧ ነገሩን ያወቀው ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ ነው። በ2013 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጂን መዝገቧን ለማየት በሚቀርብ ጥያቄ ላይ ቤተሰቧ ድምፅ እንዲኖረው ተስማሙ፤ በ2023ም ወራሾቿ ከአንድ ትልቅ የምርምር ዕቃዎች ኩባንያ ጋር በስምምነት ክርክራቸውን ጨረሱ። እዚህ በደሉ ሕዋስ መወሰዱ አይደለም፤ ሕዋስ ክፍል ነውና ሊሰጥ ይችላል። በደሉ ሴቲቱ አለመጠየቋ ነው። ስጦታ የሚሆነው ሰጪው ሲያውቅና ሲፈቅድ ብቻ ነው።

የባለቤትነትም ጥያቄ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በ2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከጡት ካንሰር ጋር በተያያዙ ጂኖች ጉዳይ፣ በተፈጥሮ የሚገኘውን የሰው ጂን ለይቶ ማውጣት ብቻ የፈጠራ መብት እንደማያሰጥ፣ በቤተ ሙከራ የተሠራው ቅጂ ግን መብት ሊያሰጥ እንደሚችል ወሰነ። የደከመ ሰው ዋጋውን ማግኘቱ ተገቢ ነው። ሆኖም የኢንሱሊን መገኛ ታሪክ ሌላ ምሳሌ ትቶልናል፦ ባንቲንግና ባልደረቦቹ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሸጡት ለእያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ነበር። ለሰው ልጅ ሁሉ ከተሰጠው መመሪያ የተቀዳ መድኃኒት ድሀው በሩቅ የሚያየው ከሆነ፣ በመጨረሻው በር ላይ የቆመው ሰው ተበድሏል ማለት ነው። የሰውን ክብር በመነሻው ብቻ ሳይሆን በመድረሻውም ልንጠይቅ ይገባናል።

ለምእመናንና ለካቴኪስቶች

እንግዲህ ኢንሱሊን ለምትወጋው እናት በእርግጠኝነት የምንነግራት፣ የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ ወይም በእርሾ የሚሠራ መሆኑን፣ ለእርሱም ማንም ሕፃን አለመሞቱን ነው። መድኃኒቷን ሳታስታጉል ትውሰድ። በፍርሃት ብትተወው ግን የተሰጣትን ሕይወት ራስዋ ትጎዳለች፤ ያስፈራራትም ሰው ከኃላፊነቱ አያመልጥም።

ውሳኔ በእጁ ለሌለው ተማሪ ወይም የቤተ ሙከራ ሠራተኛ የምንነግረው፣ የአሳቡን ተቃውሞ በትሕትናና በግልጽ እንዲናገር፣ ምርጫው በእርሱ እጅ ሲወድቅም ሌላውን ሕዋስ እንዲመርጥ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚቻል ነገር ነው። ከብልቃጡ ጋር የሚመጣው ወረቀት ፕሮቲኑ በየትኛው ሕዋስ እንደ ተሠራ ይናገራልና፣ ከማዘዙ በፊት ማንበብ በቂ ነው። ወሳኝ ለሆኑት ኃላፊዎች ደግሞ ሸክሙ ይከብዳል፤ አማራጭ እያለ በልማድ ወይም በጥቂት ዋጋ ልዩነት ምክንያት መነሻው ክፉ የሆነውን መምረጥ አይገባቸውም።

ካቴኪስቶች ሆይ፣ ስለዚህ ነገር ስታስተምሩ ሁለቱን እውነቶች አንዳቸውን በሌላው አታስረሱ። ብልቃጡ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ አትፍሩት። ከብልቃጡ በስተጀርባ ግን ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ አትርሷቸው። ሄንሪታ ስሟ ዘግይቶም ቢሆን ታውቆ ይነገራል። ስም ያልተሰጠው ሕፃን ግን በሰው ዘንድ ቁጥር ሆኖ ቀርቷል፤ በፈጣሪው ዘንድ ግን ቁጥር አይደለም። በጸሎታችን ስናስበው፣ ነገ ሌላ ሕፃን ቁጥር እንዳይሆን የምንደክም እንሁን።

ለውይይት

1. ክፍልንና ሙሉውን የሚለየው አሳብ የስኳር ሕመምተኛውን የሚያጽናናው እንዴት ነው? ለፅንስስ ጥብቅና የሚቆመው እንዴት ነው?

2. በዕለት ኑሯችን ሳናስበው ከሌላ ሰው በደል የምንጠቀምባቸው ነገሮች የትኞቹ ናቸው? በእነዚህስ ላይ ምን ያህል ድምፅ አለን?

3. በቁምስናችን የሕክምናና የሳይንስ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥማቸው ወደ ማን ይሄዳሉ? እንዲቀርቡንስ ምን አዘጋጅተንላቸዋል?